ከውስጥ የሚከፈት በር

አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለዚህ አገር ሥርዓት ስናወራ፣ ሕጉና አሠራሩ እንደ ወንዙና እንደ ተራራው ከጥንት አብሮ የተፈጠረ አስመስለን የመናገር ልማድ አለን። በምንሠራበት መጋዘን ወይም ሆቴል ከየበሩ በላይ የሚበራውን የመውጫ ምልክትና ከውጭ ቢቆለፍም ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈተውን በር አይተን «እነሱ መቼም ሥርዓት ያውቃሉ» ብለን እናልፋለን፤ አገር ቤት ያለው ዘመዳችንም ይህን ሲሰማ «ለእኛ የሚሆን አይደለም» ብሎ ይደመድማል። ሁለታችንም የዘነጋነው፣ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በሕግ እንዲጠብቅ ካስገደዱት ክስተቶች አንዱ የታወቀ ቀንና ቦታ ያለው መሆኑን ነው።

ማርች 25 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል በሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው የአንድ ሕንፃ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ፎቆችን ይዞ ነበር። ሠራተኛ ጨርቅ እንዳይሰርቅ በሚል በዘጠነኛው ፎቅ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ደግሞ ከስድስተኛው ፎቅ አላለፈም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የመጡ አይሁዳውያንና ጣሊያናውያን ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ገና 14 ዓመት የሆናቸውም ነበሩባቸው።

ለእኛ ለስደተኞች ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ሴቶች አስቀድመው ተናግረው የነበረ መሆኑ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ክላራ ሌምሊክ የተባለች ወጣት ልብስ ሰፊ በዪዲሽ ቋንቋ ባቀረበችው ጥሪ ወደ 20,000 የሚጠጉ የሸሚዝ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ፣ አገሩን ከረገጡ ጥቂት ዓመታት ብቻ የሆናቸው ሰዎች ናቸው። በርካታ ፋብሪካዎች ከማኅበሩ ጋር ሲስማሙ የትራያንግል ባለቤቶች ግን ለማኅበሩ ዕውቅና ሳይሰጡ ቀሩ። «የሰው አገር ነው፣ አንገታችንን ደፍተን እንሥራ» የሚለው ምክር በእኛ መካከል ሲነገር በሰማሁ ቁጥር እነዚህ ልጆች ይታወሱኛል።

ፍርድ ቤቱ ፍትሕ አልሰጠም። ሁለቱ ባለቤቶች በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በነፃ ተሰናበቱ፤ በ1914 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሟች ቤተሰቦች በአንድ ነፍስ 75 ዶላር ከፍለው ጉዳዩን ዘጉ። ለውጡ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት በ1911 ጁን ላይ የፋብሪካዎችን ሁኔታ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ሮበርት ዋግነር፣ ምክትሉ አል ስሚዝ ነበሩ። ሁለቱም ታማኒ ሆል ከሚባለው፣ በጉቦና በድምፅ ንግድ ከሚታማው የፓርቲ ቡድን የወጡ ናቸውና ጻድቃን ናቸው ብሎ የጠበቃቸው አልነበረም። ነገር ግን እሳቱን በዓይኗ ያየችው የሠራተኞች መብት ተሟጋቿ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጡ አልተወቻቸውም፤ ስሚዝን ከሌሊት ሥራ የሚወጡትን ሴቶች እንዲያይ ወስዳዋለች፤ ዋግነርን ደግሞ «የአደጋ መውጫ» በተባለ ጠባብ ቀዳዳ በኩል በረዶ ወደ ጋገረበት የብረት መሰላል በደረቱ አስድሃዋለች። ኮሚሽኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስክሮችን ሰማ፤ ከሥራውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። የእሳት ልምምድ ግዴታ ሆነ፣ የተቆጣጣሪዎችም ቁጥር ጨመረ። ፐርኪንስ በ1933 የመጀመሪያዋ ሴት የፌዴራል ሚኒስትር ሆና የሠራተኛ ጉዳይን ያዘች።

ቁጣና ኀዘን በየትኛውም አገር አለ፤ እኛ ዘንድ የሚጎድለው ከኀዘኑ በኋላ ያለው አሰልቺ ሥራ ይመስለኛል። «አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል» የሚለውን ዜና ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የኮሚቴው ግኝት ግን ብዙውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ሲሰፉ፣ አገሪቱ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል አልነበራትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው) የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል።

የአሜሪካውያኑም ተሐድሶ ቢሆን ሁሉን አላቀፈም። እነዋግነርና ፐርኪንስ በደከሙበት የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ተዘለሉ፤ በደቡብ ግዛቶች አብዛኞቹ ጥቁሮች የሚሠሩትም ይህንኑ ነበር። ኒውዮርክ ለቤት ሠራተኞች የተለየ የመብት ሕግ ያወጣችው በ2010 ነው። የእኛ አዋጅም የቤት ሠራተኞችን የሚያካትተውን የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወደፊት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል፤ ቤሩትና ሪያድ ባሉ እህቶቻችን ላይ ስለሚደርሰው በደል አጥብቀን የምንጮኸው እኛ፣ አዲስ አበባ ባለው በወላጆቻችን ቤት ያለችው ሠራተኛ በየትኛው ሕግ እንደምትዳኝ ስንጠይቅ ብዙም አልሰማሁም።