የእድሩ ድንኳን ለፎቶም ይተከል

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። በእሳቸው እጅ የተሰፋ መሶብ ወይም ሰፌድ የሌለበት ቤት ሰፈራችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። እናቴ ስትዳር የቀረበው መሶብ የእሳቸው ነው፤ እህቴ ስትዳርም እንደዚያው። ድንኳኑ ተተክሎ ለቀስተኛው ሲሰበሰብ አልቃሿ «ፎቷቸውን ስጡኝ» አለች። ቤቱ ተተረማመሰ። ሳጥን ተከፈተ፣ አልበም ተገላበጠ፣ ልጆቹ ስልካቸውን ሲበረብሩ ቆዩ። በመጨረሻ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ነው። ፎቶ ቤት ሄዶ ጎላ ተደርጎ ታተመ፤ ሲጎላ ግን ፊታቸው ደበዘዘ። እኔ የማውቃቸው ሴትዮ እዚያ ውስጥ የሉም።

እኔ የማውቃቸው በረንዳቸው ላይ ነው። እግራቸውን ዘርግተው፣ አክርማውን ውሃ ነክረው፣ ወስፌውን ይዘው፣ ቀዩንና አረንጓዴውን አለላ እያፈራረቁ። የሚያዩት ንድፍ የላቸውም። ሐረጉ የት ተጀምሮ የት እንደሚገጥም የሚያውቁት በቆጠራ ነው፤ ሰው ሲያጫውታቸው እንኳ ቁጥሩ አይጠፋቸውም። ስናልፍ ቀና ሳይሉ በእርምጃችን ለይተው «ደህና ዋላችሁ ልጆቼ» ይሉናል። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ተቀምጠው ሲሰፉ አንድ ሰው ፎቶ አላነሣቸውም። እኔም አላነሣኋቸው። ስልኬ ግን በፎቶ ብዛት ሞልቶ «ቦታ የለም» ይለኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው። የሰፈራችንን ሰው፣ ሥራ ላይ እንዳለ፣ እኛው ጎረቤቶቹ ፎቶ እናንሣው። እናሳትመው። ከጀርባው ስሙን እንጻፍበት። ከዚያ እዚያው ሰፈር ውስጥ ሰው እንዲያየው እንስቀለው።

ጎጃም ፎቶ ጠፍቶበት አይደለም። ጢስ ዓባይን ስንቱ አንሥቶታል። የዘጌ መነኮሳት ብራና ገልጠው በር ላይ ቆመው የተነሡት ፎቶ በየፖስት ካርዱ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ደግሞ ያን ያጌጠ ፈረስ የማያነሣ የለም፣ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ኮርቻውን የሠራው ሰውዬስ? ከእንጅባራ ቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ እየሠሩ መንገድ ዳር የሚሸጡትስ? ጣና ላይ ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ሲቀዝፉ ነው የሚነሡት፣ ሲያስሩ አይደለም። እኛም ከተማ ቢሆን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ፎቶ ሞልቷል፤ ግንቡን የገነቡት ሰዎች ፊት ግን አይታወቅም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጎጃም ሲባል ቀድሞ የሚመጣው የግጭት ፎቶ ነው። እውነት ነው፣ መታየትም አለበት። ግን በዚያው በከበደው ጊዜም ደቦ ይወጣል፣ ክርስትና ይነሣል፣ ለበዓል ቅርጫ ይገባል፣ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ይህን ካላነሣነው ልጆቻችን የዚህን ዘመን ጎጃም የሚያውቁት በጥይት ብቻ ይሆናል። ይህ ያሳዝነኛል።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሰውን ማስቀመጥ ያውቁበት ነበር። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው አይቶታል፤ ሥዕሉ ጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፣ ታሪኩ የመጽሐፍ ቅዱስ ቢሆንም ልብሱና ዕቃው ብዙ ቦታ የሀገሬው ነው። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በ18ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ያሠራ ሰው እንዲህ ከሥዕሉ ግርጌ ይቀመጥ ነበር። በርግጥ ዕድሉ ለእቴጌይቱና ለባለሀብቱ ነው። የመሶብ ሰፊዋ ተራ አልደረሰም። አሁን ግን ስልክ በእጃችን ነው፣ ምን ያግደናል?

የእጅ ባለሙያን በተመለከተ ሌላም ዕዳ አለብን። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል፤ በእጃቸው ሥራ እየበላንና እየለበስን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን እስከ ልጅነቴ ድረስ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በሙያዋ ስትሰደብ የኖረች ሴት ሸክላዋን ይዛ፣ ስሟ ከነአባቷ ተጽፎ፣ ፎቶዋ ጎረቤት ፊት ሲሰቀል ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ታፔላዎቹንም አንርሳ። የጸጉር ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱ፣ የልብስ ስፌቱ በእጅ የተሣለ ታፔላ በባነር እየተተካ ነው። ድሮ ፎቶ ቤት ውስጥ ከኋላችን የሚዘረጋው መጋረጃም የሰፈር ሠዓሊ ሥራ ነበር፤ ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት፣ በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ልብሳችንን ለብሰን የምንቆምበት። ያኔ አንድ ፊልም 36 ፍሬ ብቻ ስለነበር ፎቶ አንሺው አንገታችንን አቃንቶ፣ ኮሌታችንን አስተካክሎ ነበር የሚያነሣን። አሁን በአንድ ከሰዓት 36ቱን እጥፍ አድርገን እናነሣለን፤ የሚታተመው ግን አንድም የለም። ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። በቴሌግራም እንዲሁ የላክነው ደግሞ ጥራቱ ወርዶ ነው የሚደርሰው፤ ቢያንስ በፋይል እንላከው።

አዲስ አበባ ላይ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ጀምራለች፣ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ የምመኘው ግን አዳራሽ የማይፈልገውን ነው። እድራችን ድንኳን አለው። አግዳሚ ወንበር አለው። ሰውም በየወሩ ይሰበሰባል። ሲባጎ ወጥረን፣ በልብስ መቆንጠጫ 40 ፎቶ ብንሰቅል ምን ይጎድላል? ያ ድንኳን የሰውን ፎቶ የሚያየው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆን የለበትም። ባለፎቶዋ ራሷ ገብታ፣ ፊቷን አይታ፣ «ይቺ እኔ ነኝ» ትበል።

ፈቃድ መጠየቅ ግን ግድ ነው። ከዚያም የመጀመሪያው ቅጂ ለባለቤቱ።

እኔ ጀምሬያለሁ። በሰፈራችን ሸማኔ ጀመርኩ። መወርወሪያውን ሲወረውሩ፣ ጥለቱ ላይ ሲያጎነብሱ፣ ብርሃኑ በበሩ ሲገባ አንሥቼ አሳተምኩና ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩት። «ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። «ግን እግሬ የታለ?» አላሰብኩትም ነበር። ፎቶው ከወገባቸው በላይ ነው። ጉድጓዱም፣ ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት መርገጫም የለም። «ሸማ በእጅ ብቻ የሚሠራ መሰለህ? ግማሹ ሥራ እኮ ታች ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጫማቸውን አውልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፣ እኔም መሬቱ ላይ ተኝቼ እግራቸውን አነሣሁ።