ስማችንን በቃሉ የያዘው ሕዝብ

በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ጭብጨባ የማያጣው ስላይድ "አብዛኞቹ ጎብኚዎቻችን በቀጥታ የመጡ ናቸው" የሚለው ነው፤ አድራሻችንን በቃላቸው ይዘው ራሳቸው ጽፈው ገቡ ማለት ነውና። የድረ ገጽ ጎብኚ የሚቆጥረው ጉግል አናሊቲክስ "ዳይሬክት" (በቀጥታ) ከሚለው ቃል አጠገብ በእንግሊዝኛ "ነን"፣ ማለትም "ምንም" ብሎ ይጽፋል። ይህችን ቃል ስላይዱ ላይ ማስገባት ቦታ ማጣበብ ነው።

ይህን ሕዝብ አለማድነቅ ንፉግነት ነው። የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ የገባ የአማርኛ ርዕስ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል፤ አንዱ ፊደል 3 ባይት፣ አንዱ ባይት ደግሞ የመቶኛ ምልክትና 2 ቁምፊ ነውና። የ30 ፊደል ርዕስ 270 ቁምፊ ወጣው ማለት ነው። ደንበኛችን ይህን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ በአውራ ጣቱ ይጽፈዋል። ያውም ሊንኩ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ በተለጠፈ በ5 ደቂቃ ውስጥ! ግጥምጥሞሽ ነው።

ምቀኛ ባለሙያ ግን አይጠፋም። አሳሹ (ብራውዘሩ) ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገረው "ሪፈረር" በሚባል መስመር ነው ይላል (ቃሉ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፊደል ግድፈት ተጽፎ ቀርቷል)። ከቴሌግራምና ከዋትስአፕ፣ ከፒዲኤፍ፣ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ የኢሜይል ፕሮግራም የተነሳ ጎብኚ ብዙ ጊዜ ይህ መስመር ባዶ ሆኖ ይደርሳል፤ ባዶው ሁሉ ዳይሬክት ውስጥ ይጣላል። ቅናት ነው።

አንጀት የሚበላው የዲያስፖራው ፍቅር ነው። አሽበርን፣ ቨርጂኒያ፤ ከዋሽንግተን ብዙም የማይርቅ፣ ወገን የበዛበት አካባቢ! የአሽበርን ጎብኚዎቻችን ገብተው በ0 ሰከንድ ይወጣሉ፤ ናፍቆታቸው በአንድ እይታ ይወጣላቸዋል። አሽበርን የዳታ ማዕከል (የኮምፒውተር መጋዘን) መናኸሪያ መሆኗን፣ ጉግልም የሚያጣራው የታወቁትን ሮቦቶች (እንደ ሰው ገጽ የሚከፍቱ ፕሮግራሞች) ብቻ መሆኑን የሚያነሳ ሰው የወገን ፍቅር የሌለው ነው።

ሠራተኞቻችንም አሉ፤ አሳሻቸውን በከፈቱ ቁጥር የድርጅቱ ገጽ ይመጣል። የራስን ሠራተኛ ከቆጠራ የሚያስወጣው የውስጥ ትራፊክ ማጣሪያ "ሙከራ" ላይ ነው፤ "አክቲቭ" እስካልተደረገ ድረስ አንድም ሰው አይቀንስም። እሰየው።

ስለዚህ አደራ፣ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉት ሊንክ ጫፍ ላይ ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር የዩቲኤም መለያ (ሶርስ ማለትም ምንጭ ቴሌግራም፣ ሚዲየም ማለትም መንገድ ሶሻል) እንዳትጨምሩ። ግድ ከሆነም አንዴ በትልቅ፣ አንዴ በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፤ ሁለት የተለያየ ምንጭ ሆኖ ይቆጠርላችኋል። ጎብኚውን ከኤችቲቲፒ አድራሻ ወደ ተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ የሚያዞረው ማዘዋወሪያ መለያውን መንገድ ላይ ቆርጦ ከጣለውም አትንኩት፣ ውለታ እየዋለላችሁ ነው። ዳይሬክትን ከላንዲንግ ፔጅ (ጎብኚው መጀመሪያ ካረፈበት ገጽ) ሪፖርት ጋር አጣምሮ ማየትማ ፈጽሞ አይሞከርም። መነሻ ገጹ ላይ ያረፈው ምናልባት እውነትም ስማችንን ጽፎ የመጣ ይሆናል፤ በ270 ቁምፊው ገጽ ላይ ያረፈው ግን ያጋልጠናል።

መለያው በተጨመረ ማግስት ዳይሬክት ይወርዳል። ደግነቱ ያለፈውን ወደ ኋላ ተመልሶ አያርምም፤ የአምናው ፍቅር እንደጸና ይኖራል። ሥራ አስኪያጁ "ሕዝቡ ምን ሆኖ ነው የራቀን?" ብለው ሲጠይቁ፣ መለያውን የጨመረው ልጅ መልሱን ከወዲሁ ያዘጋጅ።