ዕድሜ ለስላይደር!

ሰው ጥሎት የሄደ ሕንፃ ድሮ ዕጣው የታወቀ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ መስኮቱ ይረግፋል፣ ግድግዳው ይሻግታል፤ አለቀ። ዛሬ ግን ፎቶ አንሺዎች ደረሱለት። ባለቤቱ የተወውን፣ መሐንዲሱ «ይሄ አይሆንም» ብሎ የሄደውን ኦና እነሱ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው፣ ስላይደር በሚባለው ወዲያ ወዲህ እየተገፋ ፎቶን በሚቀይር ማስተካከያ ያድሱታል። ያውም ሲሚንቶ ሳይነኩ። እጃችሁ ይባረክ እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ቀለሙን እንይ። ዝገት ሲፈጥረው ቡናማ ነው። ቡናማ ደግሞ ላይክ አያመጣም። ስለዚህ ብርቱካናማ ይደረጋል፣ ጥላው ወደ ሰማያዊ ይሳባል፤ በቃ፣ ጥበብ ተወለደ። ሻጋታውም አይቀርበትም። በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን አረንጓዴ ይለብሳል።

ኤችዲአር የሚሉት ዘዴም አለ። አንዱን ክፍል በተለያየ የብርሃን መጠን ሦስትም አምስትም ጊዜ ታነሱና ፎቶዎቹን ታዋህዳላችሁ። ዓላማው የጨለመው ጥግም የሚያበራው መስኮትም በአንድ ፎቶ ላይ እንዲታዩ ነበር። «ነበር» ያልኩት ወድጄ አይደለም። የእኛ ጀግኖች እዚያ ላይ መች ይቆማሉ! ስላይደሩን እስከ መጨረሻው ይገፉታል። ያኔ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል አክሊል ያለ ነጭ ብርሃን ይወጣል። የተሰበረ መስኮት ጸደቀ ማለት ነው። ጥላ የሚባል ነገር ከቤቱ ይባረራል። እያንዳንዱ የተላጠ ቀለም፣ እያንዳንዱ የመስታወት ስባሪ እኩል ይጮኻል። ዓይን የሚያርፍበት ቢያጣም ግድ የለም፤ ለማረፍ አልመጣም።

ናሚቢያ ውስጥ ኮልማንስኮፕ የምትባል የአልማዝ ማውጫ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው ጨርሶ ለቀቃትና በረሃው በበር በመስኮቷ ገባ። ዛሬ አሸዋው ክፍሎቹ ውስጥ ተቆልሎ፣ የደበዘዘው የግድግዳ ቀለም ከኋላው ይታያል። ፀሐይ ብቻዋን ሠርታ የጨረሰችው ፎቶ ነው። ግን ፀሐይ ኤዲቲንግ የት ተማረችና! ግድግዳው ትናንት የተቀባ እስኪመስል ሳቹሬሽኑ፣ ማለትም የቀለሙ ድምቀት፣ ይጨመራል። የስንት ዓመት መደብዘዝ በአንድ ጣት ይታረማል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የግድግዳ ማቃናቱ ሥራ ነው። ሕንፃ ሥር ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ያነጣጠረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀጥ ያሉት መስመሮች ወደ ላይ ሲሄዱ ይጠጋጋሉ፣ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። የድሮ የሕንፃ ፎቶ አንሺዎች ይህን ለመከላከል ሺፍት ሌንስ የሚባል ከባድ ዕቃ ይሸከሙ ነበር። ዛሬ አንድ ስላይደር ነው። ሳብ ማድረግ ብቻ፤ ቀጥ ይላል። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ግን የምሩን የዘመመ ግድግዳም አለ እኮ! መሠረቱ የሰመጠ፣ ሊወድቅ ቀን የሚቆጥር። እሱም አብሮ ይቃናል። ይልቅ አጠገቡ የቆመው ጤነኛ ዛፍ ይዘምማል። በሩም ይቀጥንና ሰው በጎኑ ካልሆነ አያስገባም። ለአንድ ግድግዳ መዳን አንድ ዛፍ ቢሠዋ ምናለበት?

ቀጥ ብሎ የቆመውን ደግሞ ያዘምሙታል። ድራማ ያስፈልጋላ! የአዳራሹን ግማሽ ቆርጦ፣ ገልብጦ፣ ከራሱ ጋር የሚያጋባም አለ። በግራ አንድ የወደቀ ወንበር፣ በቀኝም ያው ወንበር፣ ስንጥቁ ሳይቀር መንታ። ለአንዱ ወንበር ተቀማጭ ጠፍቶ ሁለት አደረጉለት።

የዕቃ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል አደጋ በደረሰ ማግስት 49 ሺህ ያህል ሰው በአጠገቡ ካለችው ከፕሪፕያት ከተማ ወጣ። የቸኮለ ሰው አሻንጉሊት ረስቶ ይሄዳል፤ ያለ ነው። ግን የጋዝ ጭንብል አልብሷት፣ ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሮላት አይሄድም። ይህን የጎደለ ነገር ያሟሉት በኋላ ካሜራ ይዘው የመጡ እንግዶች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ፎቶው በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ የአሻንጉሊቷ ቀሚስ ብቻ ቀይ ይቀራል። ከሥሩ «እዚህ ጊዜ ቆሟል» ይጻፋል። ቆሟል እንጂ! ከዚህኛው ፎቶ አንሺ በፊት የመጣው ባለካሜራ አሻንጉሊቷን አልጋ ላይ አስተኝቷት ነበር።

ይህ ሁሉ ውለታ ተውሎ ግን አንዳንዱ ሕንፃ ከሃዲ ነው። አሜሪካ ያለውን የዲትሮይቱን ሚሺጋን ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1913 ተከፍቶ በ1988 ባቡር ቀረበት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የፍርስራሽ ፎቶ ንጉሥ ነበር። ማን ያላነሳው አለ? እ.ኤ.አ. በ2018 የመኪና አምራቹ ፎርድ ገዛው። አያድሰው መሰላችሁ! በ2024 በሩ ተከፈተ። መስታወት ገባለት፣ መብራት በራበት፣ ሰው ገባበት። ፎቶ አንሺዎቹን «ምን ይሰማችኋል?» ያለ እንኳን የለም።

ደግነቱ ስላይደር ወደ ኋላም ይሄዳል። ቀለሙን ዝቅ፣ ሰማዩን አውጥቶ ደመና መተካት፣ ግድግዳው ላይ የስንጥቅ ፎቶ መደረብ። በር ላይ የቆሙት ሰዎች ካስቸገሩ እነሱንም ማጥፋት ነው። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ሕንፃው ተመልሶ ኦና ይሆናል።