ለባለቁልፉ ደራሲ

ሰሞኑን በኮረብታው ማማ መደገፊያ ላይ አዲስ ድርሰት ወጥቷል፤ «ሳሚና ቲቲ ለዘላለም»። የቁልቋል ቅጠል ሞላ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ሞላ፤ ዕድሜ ለቤት ቁልፍ፣ ይኸው ብረት ላይ ደረስን።

ደራሲው ትጉህ ነው። ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ደረጃውን ይወጣና፣ ከተማው ከሥሩ ሲዘረጋለት ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ይጀምራል። ፕራግ፣ ፔትርሺን ኮረብታ ላይ በ1891 እ.ኤ.አ. የተሠራው ማማ 299 ደረጃ አለው፤ ወጪና ወራጅ እንዳይጋፋ መውጫና መውረጃው ለየብቻ ነው። ምስኪኖች! ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚደርስ ሰው ሦስተኛ መንገድ አላሰቡለትም።

ቁንጮው ሥራ ግን የአቅጣጫ ሰሌዳው ነው፤ ያ አናት ላይ ያለው፣ የተራሮቹን አቅጣጫ በቀስት የሚያሳየው ክብ ብረት። ከእንጦጦ በኩል ለሚያይ የረር በደቡብ ምሥራቅ፣ ዝቋላ በደቡብ፣ ወጨጫ ወደ ምዕራብ ጋደል ብሎ ነው። ነበር ማለቴ ነው። አሁን ዝቋላ ተፍቆ «ሳሚ» ተብሏል። 2,989 ሜትር ከፍታ፣ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም ያለው ሳሚ! እንግዳው «ሳሚ ላይ በመኪና ይወጣል?» ይላል። መጋቢት 5 የሳሚ ንግሥ ነው፤ ምእመኑ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ሳሚ ይተማል። ወጨጫ በበኩሉ «ቲቲ» ስለሆነ፣ መሃል የቀረው ፉሪ ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጧል። የረር እስካሁን አላገባም።

ቀልዱ ይቅር። ያ መደገፊያ ዝገት እንዳይበላው ቀልጦ ባለ ዚንክ ውስጥ የተነከረ የብረት ቱቦ ነው፤ የዚንኩ ውፍረት 70 ማይክሮን ግድም፣ የአንድ ጸጉር ያህል። ቀጭን ጭረት ቢያገኘው ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ስፋት ያለው ፍቀት ሲሆን ግን አይችልም። በተለይ ብየዳው ሥር፣ የክረምት ውሃ በሚያቁርበት ቦታ፣ ዝገቱ ወደ ውስጥ ይበላል፤ ከላይ ቀለም ሲያዩት ደህና ይመስላል። እዚያ ላይ የሚደገፈው የሰው ልጅ ነው! ሕፃን ነው ደረቱን አስጠግቶ ቁልቁል የሚያየው! በምን ሒሳብ ነው የናንተ ፍቅር የሰው ልጅ የሚያስወድቀው?

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ጥገናው ቀላል ነው፤ ዝገቱ ብረቱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ቅባቱ ይጠረጋል፣ ዚንክ የበዛበት ቀለም ሁለት እጅ ይቀባል። ሠራተኛው ገመድ ታጥቆ፣ ከውጭ በኩል ተንጠልጥሎ ቀባው፤ «ቀለሙ አልደረቀም» የሚል ወረቀትም ለጠፈ።

በማግሥቱ እርጥቡ ቀለም ላይ፣ በጣት፦ «ሳሚና ቲቲ፣ ክፍል 2»።