እርማት፦ እከክ የመንገድ ውሻ ብቻ በሽታ አይደለም

ወንድሜ፣ «እከክ የሚይዘው ቆሻሻ ላይ የሚያድር የመንገድ ውሻን ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ከተቀባ ይለቀዋል» ብለህ ጽፈሃል። እዚህ ሐዋሳ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ግን ሁለቱም ልክ አይደሉም።

እከክን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ሳርኮፕቴስ የሚባለው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ክፉኛ ያሳክካል፤ ከውሻ ወደ ውሻም በንክኪ ይተላለፋል። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ የግቢ ውሻ፣ በየሳምንቱ በሳሙና ቢታጠብ እንኳ፣ ከሰፈር ውሾች ጋር ሲተሻሽ ይዞት ሊገባ ይችላል። ሰውም ላይ ለጊዜው ሽፍታና ማሳከክ ያመጣል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ጠንቀቅ ማለት ነው።

ዲሞዴክስ ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ውሾችም ላይ በጥቂቱ ይኖራል። ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጠባ ከእናቱ ይወስደዋል። ችግር የሚሆነው የሰውነት መከላከያ ሲደክም ነው፦ በቡችላነት ዕድሜ፣ በምግብ እጥረት፣ በሆድ ትላትል፣ በሌላ በሽታ፣ አንዳንዴም በዘር። ለዚህ ነው ከአንድ እናት ከተወለዱ ቡችሎች የአንዱ ፀጉር ረግፎ ሌላው ደህና የሚሆነው።

የተቃጠለ ዘይቱን እባክህ ተው። ቆዳውን ይጎዳል፤ ውሻው ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል። የእንስሳት ሐኪም ከቆዳው ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ መድኃኒቱንም በክብደቱ ልክ ይሰጣል። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የከብት የተባይ መድኃኒት በግምት መውጋት ውሻ ሊገድል ይችላል። ሳርኮፕቴስ ከሆነ የግቢው ውሾች በሙሉ አብረው ይታከሙ፤ መኝታቸውም ይጽዳ።