ስም እንደ ታርጋ

የጅማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ለኔም ይደርሰኛል፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። ቀኑን ሙሉ የምጠይቀው ስም ነው። «ስም? የአባት? የአያት?» ክሱ፣ አቤቱታው፣ የውርሱ ጣጣ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ታዲያ ባለጉዳዩ ስሙን ሲናገር አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን አያቸዋለሁ። ጆሯቸው ቀጥ ይላል። ስሙን እየሰሙ እንዳይመስላችሁ። ታርጋ እያነበቡ ነው። ኦሮ ነው? አማ ነው? ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን? በሁለት ሰከንድ ሰውየውን መድበው ይጨርሳሉ። ስሙ ምን እንዳለ ግን አንዳቸውም አልሰሙም።

አንዳንዶቻችሁማ አፍ አውጥታችሁ ትጠይቃላችሁ። «የአባትህ ስም ማነው?» ያ ካልበቃ «የአያትህስ?» ታርጋው በጭቃ ተሸፍኖበት ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ትራፊክ ትመስላላችሁ። «አንተስ ሥራህ ይኸው አይደል?» እንዳትሉኝ። እኔ የምጠይቀው ፎርሙ ስላዘዘኝ ነው። እናንተ ሻይ እየጠጣችሁ ነው የምትጠይቁት።

በኛ አገር ስም ዓረፍተ ነገር ነው። ልጁን ዓለማየሁ ያለ አባት «ዓለም አየሁ» ብሎ ነው። ጥላሁን ያለው «ጥላ ሁነኝ» ብሎ ለምኗል። ቶለራ ያለው «መልካም ሆነ» ብሎ እፎይ ብሏል። ሰው በወለደ ሰሞን የተናገረውን ቃል ልጁ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል። ከመሸ በኋላ ሰፈር ውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን ሲጣሩ ስሙ፤ ምኞት፣ ምስጋና፣ ስሞታ ነው የሚሰማው። እኛ ግን ቃሉን ትተን ቃሉ የማን እንደሆነ እንከራከራለን።

እስቲ ሁላችንም የምናውቃቸውን ሁለት ስሞች ልውሰድ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። በ1984 ዓ.ም. ክረምት አንዲት የአርሲ ልጅ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። አበበና ደራርቱ። አበበ ማለት አበባ አወጣ ማለት ነው። ደራርቱስ? በኦሮምኛ «ደራሩ» ማበብ ነው። አንድ ስም ናቸው እኮ! 32 ዓመት ተራርቀው፣ በሁለት ቋንቋ፣ አንዱን ስም ይዘው ሁለቱም ወርቅ አመጡ። ስለነሱ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ሻይ ቤቶች ውስጥ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ። ማን ይበልጣል፣ የማን ናቸው፣ ማን ነው የሚኮራባቸው። ይህችን ያነሳ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩ እዚህ አያቆምም። የአበበ አባት ስም ቢቂላ ነው። በኦሮምኛ የበቀለ ማለት ነው። አማርኛው በቀለ ይለዋል፤ የቀነኒሳን አባት ስም አስቡ። ሥራቸው አንድ ነው። ዐረቦችም በቅል ሲሉ አረንጓዴ ተክል ማለታቸው ነው፤ አትክልት ሻጩን፣ ቆይቶም ባለ ሱቁን ሁሉ በቃል ብለውታል። እንግዲህ አበበ ቢቂላ የሚለውን ስም ዛፍ አድርጋችሁ እዩት። ግንዱ በኦሮምኛ በቅሏል፣ ጫፉ በአማርኛ አብቧል። ያውም ሮጦ ያሸነፈው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን። (ይቅርታ፣ ቁጣዬን አስረሳኝ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።)

ቢሆንም ተመሳሰለ ተብሎ ሁሉም ዘመድ አይደለም። ስሙን ሁሉ ወደ ግዕዝ የሚጎትት አለ። ሁሉን ወደ ዐረብኛ፣ ሁሉን ወደ ኦሮምኛ የሚጎትትም አለ። አብዲ የሚለውን ውሰዱ። በኦሮምኛ ተስፋ ነው፤ ያው የኛ ተስፋዬ። በዐረብኛ ግን አብድ አገልጋይ ነው፤ አብዱላሂ የአላህ አገልጋይ። ጅማ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቤት ሁለቱም ቋንቋ ይገባል፤ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለጨዋታ። ስለዚህ አብዲ የሚባል ልጅ ስታገኙ ተሽቀዳድማችሁ አትተርጉሙለት። እናቱን ጠይቁ። እሷ ናት ምን ብላ እንደጠራችው የምታውቀው።

ይህ አገልጋይ የሚለው ነገር አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቆኛል። ሁለት ሽማግሌዎች በድንበር ተካሰው መጡ። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ፣ ሁለቱም ዘንድ እኔ ነኝ ጸሐፊው። የአንደኛው ስም በ«ገብረ» ይጀምራል፣ የሌላኛው በ«አብዱ»። ገብረ የግዕዝ አገልጋይ ነው። አብዱ የዐረብኛ አገልጋይ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው አብድዩም በዕብራይስጥ ያው ነው። ሁለት የእግዜር አገልጋዮች ለአንድ ክንድ መሬት ሲናከሱ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ እተይባለሁ። ብነግራቸው ይታረቁ ነበር? አይመስለኝም። መሬት ነዋ። ግን አልነገርኳቸውም፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሳቃችሁ።

ምትኩ የሚባል ሰው ሲመጣ «የማን ተቀያሪ ነህ? ስንተኛው ደቂቃ ላይ ገባህ?» ትላላችሁ። ካሳ ሲባል «ስንት ብር ከፈሉህ?» ማስረሻ ሲባል «ምን ልርሳ?» ትስቃላችሁ፣ ሰውየውም ለጨዋነት አብሮ ይስቃል። ምትኩ የተባለው ማን ሞቶ እንደሆነ ግን አትጠይቁም። እነዚህ ስሞች የሐዘን ስሞች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከልጁ በፊት ሌላ ሰው ተቀብሯል። ወንድም፣ እህት፣ አንዳንዴም አባት። እናት የሞተውን መጥራት ስለማትችል የተወለደውን በሱ ፈንታ ትጠራዋለች።

ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘፍጥረትን ግለጡ። አቤል ከተገደለ በኋላ ሔዋን ወንድ ልጅ ወለደች። በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር ተካልኝ ብላ ስሙን «ሴት» አለችው። ያ ልጅ እኛ ሰፈር ቢወለድ ምትኩ ነበር። ዮሴፍ ደግሞ ግብፅ ውስጥ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል። ምናሴ ማለት ቁርጥ ማስረሻ ነው። ዐረቦች አወድ የሚሉት ስም አላቸው፤ ምትክ፣ ካሳ። ምናሴ ሲባል «አቤት ስም!» ትላላችሁ፤ ማስረሻ ሲባል ትስቃላችሁ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አንዱ ስለገባችሁ፣ አንዱ ስላልገባችሁ። የገባችሁ ላይ ነው የምትስቁት!

የኔም ስም ከነዚህ አንዱ ነው። የቱ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። ትምህርት ቤት እያለሁ ተስቆብኛል፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ነገሩን የሰማሁት በ19 ዓመቴ ነው። አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ካንተ በፊት ሁለት ነበሩ» አለችኝ። ከዚያ ጀበናውን ከሰሉ ላይ መልሳ ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመረች። እናቴ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። በየቀኑ ግን በስሜ ትጠራኝ ነበር።

ጫልቱ ላይ የምትስቁትም አልጠፋችሁኝም። ሌላ ከተማ ቢሆን እሺ፤ ጅማ ተቀምጦ? ጫልቱ ማለት የምትበልጥ ማለት ነው። አማርኛው በለጠች ነው። ሮማውያን ማክሲሞስ ሲሉ ከሁሉ የሚበልጥ ማለታቸው ነበር፤ ያኛው ሲሆን ዘመናዊ ነው አይደል? በዚህ ሳቅ የተነሳ ስማቸውን በር ላይ ጥለው ሌላ ስም ይዘው የሚገቡ ልጆች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። እኔ ጋ እየመጡ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን አረጋግጡልኝ የሚል ማመልከቻ ያስጽፋሉ። ላንዷ ስጽፍላት «ለምን ቀየርሽው?» አልኳት። «ሲጠሩኝ ይስቃሉ» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረች።

እግረ መንገዴን ስለ ፊደሉም ልናገር። ቁቤው፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጫልቱን ሲጽፍ በ«ሲ» ፊደል ይጀምራል፤ «ሲ» ብቻውን «ጭ» ስለሆነ። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ካልቱ ብሎ ያነባታል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ «ሲ» እና «ኤች» አብረው ይገባሉ። አንድ መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት የአንዲት እናት ዶክመንት ሦስት ጊዜ መልሶባታል። ስትመዘገቡ ካርዱን ከመቀበላችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት። በኋላ እኔ ጋ ለመምጣት ገንዘብ ታወጣላችሁ፤ እኔ አልጠላም፣ ግን ተዉ።

የስልክ ስሞች ጉዳይ ደግሞ አለ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር። ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን በግ አርዶ፣ ክርስቲያኑ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና አስነስቶ፣ ሽማግሌ ጠይቆ ነበር ስም የሚያወጣው። ዛሬ ስልክ ነው። አንድ ወዳጄ ሴት ልጁን ክላውዲያ አላት፤ «ንግሥት ማለት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አየሁት» ብሎ። ስሙ ከላቲን ነው፤ የሚያነክስ ከሚል ቃል የመጣ የሮማ ቤተሰብ ስም። ልስቅበት አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የኛው አፄ ገላውዴዎስ እኮ ያው ክላውዲዮስ ናቸው! አፌን ዘጋሁ። ስሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም ተግሳጹ። ሳያውቅ አውቃለሁ ማለቱ ላይ ነው። ልጅቷ አድጋ ስትጠይቀው ምን ሊላት ነው? «ስክሮል ሳደርግ አገኘሁሽ»?

የራሳችንን ትልቁን ስም እንኳ መች ጠየቅን? በ2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ «አባ ጅፋር!» እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። አባ ጅፋር ንጉሡ በፈረሳቸው የተጠሩበት የፈረስ ስም መሆኑን ግን በማግስቱ ወረፋ ለሚጠብቁት ብጠይቅ ከአንድ ሽማግሌ በቀር የመለሰልኝ የለም። ጅረን ላይ የነገሡት የጅማ ነገሥታት ሁሉ፣ አባ ጎሞልም አባ ቦቃም፣ በዚህ ዓይነት ስም ነው የሚጠሩት። ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ ነበሩ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በአንድ ልማድ የተጠሩ ነገሥታትን ስም እያነሳን ነው የምንለያየው።

እኔ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አራተኛ ጥያቄ ጨምሬያለሁ። ስም፣ የአባት፣ የአያት፤ ከዚያ «ምን ማለት ነው?» በኦሮምኛ ለሚመቸው «መቃን ኬ ማል ጄቹዳ?» እላለሁ፤ ለታላቅ ሲሆን «ኬሰን» ብዬ። ወረፋው ረዝሟል። አግዳሚው ላይ ያሉት ያጉረመርማሉ፤ ቶሎ በል ይሉኛል። አንዳንዱ ባለጉዳይ «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ይሄድና ከምሳ በኋላ እናቱን ጠይቆ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ለግብር ጉዳይ መጡ። ጥያቄዬን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ጀመሩ። ከራሳቸው ስም ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸው ወደ አያታቸው፤ ማን በረሃብ ዘመን እንደተወለደ፣ ማን በዝናብ ቀን። አግዳሚው ላይ ማጉረምረሙ ቆመ። እኔም መተየቤን ተውኩ። ሰዓቱ ሄዶ ቢሮው ተዘጋባቸው፤ ማመልከቻው ገና ግማሽ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በማግስቱ ጠዋት እኔ ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ላፕቶፑን ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ። «ግብሩ ይቆይ» አሉኝ፣ «የቅድመ አያቴን ሳልነግርህ ነው የሄድኩት።»