ላልተካሄደ ጨዋታ 589 ሚሊዮን ዶላር

ሜልቦርን ውስጥ ግብር ስንከፍል ምን እንደምንገዛ ብታውቁ ትስቃላችሁ።

ሜልቦርን ያለችበት የአውስትራሊያው የቪክቶሪያ ስቴት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የ2026ቱን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የሚወዳደሩበትን የስፖርት ውድድር፣ አዘጋጃለሁ ብሎ ተነሣ። የስቴቱ ከተሞች ጂሎንግ፣ ባላራት፣ ቤንዲጎ፣ ሼፐርተን ሁሉም ድርሻ አላቸው ተባለ። ሆቴሉ ይሞላል፣ ሥራ ይከፈታል፣ የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ ያልፍለታል። በጀቱ 2.6 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። በሐምሌ 2023 የስቴቱ ፕሪሚየር ዳንኤል አንድሩስ ብቅ አሉና ወጪው ከ6 ቢሊዮን አለፈ፣ ትተነዋል አሉ። አለቀ። ውሉ ስለፈረሰ 380 ሚሊዮን ካሳ ተከፈለ።

እኔን የቆጨኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የስቴቱ ዋና ኦዲተር ቁጭ ብሎ ደመረው። ላልተካሄደ ጨዋታ ከ589 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባክኗል ብሎ በ2024 ሪፖርት አወጣ። በዚህም አላበቃ። መንግሥት መሰረዙን ለማስረዳት የጠራው 6.9 ቢሊዮን ራሱ የተጋነነ ነው አለ። በአደባባይ!

አገር ቤት፣ እኛ ጋ፣ ትልቅ ዝግጅት መጣ ሲባል አስፋልቱ ይታጠባል፣ አጥሩ ቀለም ይቀባል፣ ባነር ይሰቀላል። ስንት ወጣ፣ ስንትስ ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው ምቀኛ ነው። ጎንደር ጥምቀትን ከፍሎ ያመጣላት የለም፤ ሆቴሉ ግን ይሞላል፣ የአልጋው ዋጋም አብሮ ይሰቀላል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ዋንጫውን የበላች አገር ደግሞ፣ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አጥታ የሜዳዋን ጨዋታ ሰው አገር እየሄደች ስትጫወት ከረመች። ለዚህ የወጣውንና ሳያልቅ የቀረውን ማን ደመረው?

ይህን ስል እዚህም ተመችቶኛል ማለቴ አይደለም። ከ1996 ጀምሮ እዚሁ ሜልቦርን አልበርት ፓርክ ላይ የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድድም ይካሄዳል። መንግሥት ለአንድ ዓመቱ ውድድር ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የደጎመበት ጊዜ አለ። እንግዳ ይመጣል፣ ሬስቶራንቱ፣ ሆቴሉ፣ ሹፌሩ ይጠቀማል ይሉናል። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ እኮ! ያን ሰሞን መንገዱ ይታጠራል፣ ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ ይነጫነጫል፣ ቆጣሪው ላይ እንዳፈጠጠ በእግሩ ልሂድ ብሎ ይወርዳል። ሹፌር ይጠቀማል ያሉት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበረውን ከሆነ እሺ። እኔማ አጥሩ ሥር ቆሜ ድምፁን እሰማለሁ፣ የከፈልኩበትን።